ፈቺ የማይሻ ሕልም

«ሕልም እንደ ፈቺው ነው» ይባላል። አባባሉ ለሕልም ክብር የሚሰጥ ይመስላል፤ በሌሊት የታየ ነገር ከንቱ አይደለም፣ በውስጡ መልእክት አለ ይለናል። ዳሩ ግን በዚያው አፉ ሕልሙን ከአላሚው ነጥቆ ለፈቺው ያስረክበዋል። «ጥርሴ ሲወልቅ አየሁ» ያለ ሰው፣ ስለ ጥርሱ መልክ፣ ስለ ወለቀበት ቤት፣ አብሮት ስለነበረው ሰው የሚጠይቀው የለም፤ ዘመድ እንደሚሞትበት ተነግሮት ይሰናበታል። የፈርዖን ላሞችም ሰባት የጥጋብና ሰባት የረኃብ ዓመታት ከሆኑ በኋላ ላም መሆናቸው ቀርቷል። ከወንዙ ወጥተው በዳር ሲግጡ የነበሩት እንስሳት ወዴት እንደሄዱ ማንም አይጠይቅም።

እኔ ከፌዴሪኮ ፌሊኒ ፊልሞች ጋር የተዋደድኩት በዚህ ጥያቄ ምክንያት ነው። እ.ኤ.አ. በ1920 በአድሪያቲክ ባሕር ዳርቻ በምትገኘው ሪሚኒ ተወልዶ በ1993 ሮም ላይ ያረፈው ይህ ኢጣሊያዊ ዳይሬክተር፣ ላሞቹን ላም አድርጎ ያቆየ ሰው ነው። ሕልሙን ያሳየናል፤ ፍቺውን ግን አይሰጠንም። እኛም በልማድ ፍቺውን ፍለጋ እንቆፍራለን፣ እናጣለን፣ እንናደዳለን፤ አንዳንዶቻችንም «እብደት ነው» ብለን እንነሳለን። የተቀመጥን እንደሆነ ግን አንድ ነገር ይገጥመናል። ስለዚያ ነገር ነው መጻፍ የፈለግሁት።

እ.ኤ.አ. በ1963 የወጣውን «ስምንት ተኩል» የተባለውን ፊልም እንውሰድ። ርእሱ ራሱ ቀልድ ነው፤ ፌሊኒ እስከዚያ ድረስ የሠራቸውን ፊልሞች ሙሉውን በሙሉ፣ ከሌላ ዳይሬክተር ጋር የተጋራውንና አጫጭሮቹን በግማሽ ቆጥሮ የደረሰበት ድምር ነው። ሲጀምር ድምፅ የለም። መኪኖች ተደርድረው ቆመዋል። አንድ ሰው በመኪናው ውስጥ ተዘግቶበታል፤ ጭስ መሳይ ነገር ይሞላበታል፤ መስተዋቱን ይደበድባል፣ በእግሩ ይረግጣል። በዙሪያው ባሉት መኪኖች የተቀመጡት ሰዎች ያዩታል፤ አንዳቸውም ግን አይንቀሳቀሱም። ሰውዬው በመጨረሻ በጣራው በኩል ሾልኮ ይወጣና ከመኪኖቹ በላይ ይንሳፈፋል፣ ደመና ላይ ይደርሳል። ወዲያው እግሩ በገመድ ታስሮ እናያለን፤ ታች ባሕር ዳር የቆመ ሰው ልጆች በክር ይዘው እንደሚያበሩት ወረቀት ይጎትተዋል። ቁልቁል ወደ ባሕሩ ሲወድቅ ይነቃል።

ባለ ሕልሙ ጉይዶ የተባለ ዝነኛ የፊልም ዳይሬክተር ነው፤ ማርቼሎ ማስትሮያኒ ይጫወተዋል። ለጤናው ፍል ውሃ ወርዷል፤ ሊሠራው የተዘጋጀለት ትልቅ ፊልም አለ፤ ገንዘቡ ወጥቷል፣ ተዋንያኑ መጥተዋል፣ ሰማይ ጠቀስ ማማ ተተክሏል። ጉይዶ ግን የሚናገረው ነገር የለውም። ሁሉም ይጠይቁታል፤ አምራቹ፣ ጋዜጠኞቹ፣ ሚስቱ፣ ውሽማው፣ «ፊልሙ ስለ ምንድን ነው?» ይሉታል። በዚህ መካከል ሕልሙ፣ ትዝታውና ምኞቱ ወሰን ሳያበጁ ይገባሉ፣ ይወጣሉ። አሁን ልጅ ሆኖ ከወይን ጋን ውስጥ ይታጠባል፤ አሁን ከሞቱት ወላጆቹ ጋር በመቃብር ስፍራ ይነጋገራል። ካሜራው «ይህ ሕልም ነው፣ ይህ እውን ነው» ብሎ አያስጠነቅቅም። እኛም ራሳችን ስናልም ማን ያስጠነቅቀናል?

በዚያው ፊልም ውስጥ አንድ ትንሽ ነገር አለ። ልጆቹ በጨለማ መኝታ ቤት ተኝተው «አሳ ኒሲ ማሳ» የሚል ቃል ይደጋግማሉ፤ ይህን ቃል ሲሉ በግድግዳው ላይ ያለው ሥዕል ዓይኑን እንደሚያንቀሳቅስና ሀብት የተደበቀበትን እንደሚያሳያቸው ያምናሉ። ተመራማሪዎች ፈትተውታል፤ የልጆች ምስጢራዊ አነጋገር ነው፣ በየቀለሙ መካከል የተሰነቀረውን ድምፅ ሲያወጡለት «አኒማ»፣ ማለትም ነፍስ የሚል ቃል ይቀራል ይላሉ። እውነታቸውን ነው። የእኛም ልጆች የወፍ ቋንቋ እያሉ እንዲሁ በቃል ውስጥ ድምፅ ይሰነቅራሉ። ታዲያ ልጅ የወፍ ቋንቋ የሚናገረው እንዲፈቱለት ነው? የጨለማውን ፍርሃት አብረው እንዲሻገሩበት አይደለምን? «ነፍስ» የሚለው ፍቺ ከተገኘ በኋላ እንኳ፣ ያ ክፍል፣ ያ የእሳት ጥላ፣ ያ የልጅቱ ሹክሹክታ ከቃሉ ይበልጣል።

እኛ አማርኛ አንባቢዎች በሰምና ወርቅ ያደግን ነን። ሰሙን አቅልጦ ወርቁን ማውጣት ለጆሯችን ደስታ፣ ለአእምሯችን ስልጠና ነው፤ አንድ ቅኔ ወይም ግጥም ሲነገረን ቀድመን የምንጠይቀው «ወርቁ የቱ ጋ ነው?» ብለን ነው። ይህ ትልቅ ሀብት ነው፤ ላጣጥለው አልነሳም። ነገር ግን ለሁሉም ነገር አይሆንም። የፌሊኒን ፊልም በሰምና ወርቅ ዓይን የሚያይ ሰው ሻማውን አቅልጦ ወርቅ ሲፈልግ ብርሃኑን ያጠፋል። እዚህ ሰሙ ራሱ የሚበራው ነገር ነው።

ይህን ስል ፌሊኒ ሕልምን አቅልሎ ያየ ሰው ነበር ማለቴ አይደለም። እርሱም ፈቺ ነበረው። እ.ኤ.አ. በ1960 አካባቢ ኤርንስት ቤርንሃርድ ከተባለ፣ ሮም ከሚኖር የሥነ ልቦና ሐኪም ጋር ተዋወቀ፤ ሐኪሙ የካርል ዩንግን ትምህርት የሚከተል ነበር። በእርሱም ምክር ፌሊኒ በጠዋት እየተነሳ የሌሊት ሕልሙን በደብተር ላይ ይሥልና ከጎኑ ይጽፍ ጀመር። ይህን ልማድ ሠላሳ ዓመት ያህል ይዞ ቆየ፤ ደብተሮቹም ከሞተ በኋላ፣ በ2007፣ በመጽሐፍ ታትመዋል። ማስተዋል የሚገባን ግን መጀመሪያ የሚያነሣው የቀለም እርሳስ መሆኑን ነው። ሕልሙ ምን እንደሚል ከመጠየቁ በፊት ምን እንደሚመስል ይመዘግባል።

ሕልሙን ወደ ፊልም የሚለውጥበት መንገድ ደግሞ የባሰ ያስደንቃል። ሰው ሕልም ሲባል ጭጋግና ብዥታ ይመስለዋል። የፌሊኒ ሕልም ግን የአናጢ፣ የቀለም ቀቢና የልብስ ሰፊ ሥራ ነው። በሮም ዳርቻ ቺኔቺታ የሚባል የፊልም ከተማ አለ፤ በውስጡ «ቴያትሮ 5» የተባለው ሰፊ አዳራሽ የፌሊኒ ሁለተኛ ቤቱ ነበር፤ ሲሞትም አስከሬኑ ሕዝብ እንዲሰናበተው ያረፈው በዚያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1960 የወጣው «ላ ዶልቼ ቪታ»፣ ማለትም «ጣፋጭ ሕይወት»፣ የሮምን የቪያ ቬኔቶ ጎዳና ዝነኛ አደረገ፤ ነገር ግን በፊልሙ ከምናየው ቪያ ቬኔቶ ብዙው በስቱዲዮ የተሠራ ነው። እውነተኛው ጎዳና ዳገት ነው፤ የፌሊኒው ለጥ ያለ ሜዳ። በ1973 ወደ ትውልድ ከተማው ትዝታ ሲመለስም ሪሚኒ ሄዶ አልቀረጸም፤ ሪሚኒን ቺኔቺታ ላይ አሠራት።

ባሕሩንም እንዲሁ። ከላስቲክ ባሕር ይሠራል። በ1983 በሠራው «መርከቧም ትሄዳለች» በሚለው ፊልም፣ የአንዲት ዝነኛ ዘፋኝ አመድ በባሕር ላይ ሊበተን መርከብ ተሳፍሯል፤ ጊዜው 1914 ነው፣ የዓለም ጦርነት ደጃፍ። ባሕሩ ያብረቀርቃል፣ ይታጠፋል፣ ይነሳል፤ ያየ ሁሉ ላስቲክ መሆኑን ያውቃል። ወደ መጨረሻው ላይ ካሜራው ወደ ኋላ ያፈገፍግና መርከቧን የሚያወዛውዘውን ማሽን፣ መብራቱን፣ ሠራተኞቹን፣ ካሜራውን ራሱን ያሳየናል። ከዚያ በኋላ፣ ሁሉን ካየን በኋላ፣ ጋዜጠኛው በትንሽ ጀልባ ከአንድ አውራሪስ ጋር ተቀምጦ ሲቀዝፍ እናያለን፤ ሐሰቱን በዓይናችን አይተን እንኳ እናዝናለን።

ድምፁም እንዲያው ነው። በዘመኑ ኢጣሊያ ፊልም ሲሠራ ድምፅ በኋላ ይቀዳ ስለነበር፣ ፌሊኒ አንዳንድ ተዋናይ በካሜራ ፊት ቁጥር እንዲቆጥር ያደርግና ንግግሩን ኋላ በሌላ ሰው አፍ ይተካዋል። ስለዚህ ከንፈርና ቃል አይገጣጠሙም። ጥንቃቄ ማነስ ሊመስል ይችላል፤ ውጤቱ ግን ሕልም ውስጥ ሰው ሲያናግረን የሚሰማንን ያንኑ ስሜት ይሰጣል፤ ድምፁን ሰምተናል፣ ከማን አፍ እንደወጣ ግን አናውቅም። በዚህ ላይ እስከ 1979 ድረስ በሕይወት የነበረውን የኒኖ ሮታን ሙዚቃ ጨምሩበት፤ የሰርከስ ማርሽ ነው፣ ነገር ግን ሰርከሱ ድንኳኑን ነቅሎ ሲሄድ የሚሰማ ማርሽ።

እስከዚህ ድረስ የጻፍኩት የማንኛውም አገር ሰው ሊጽፈው የሚችል ነው። ኢትዮጵያዊ ተመልካች ግን እዚህ ላይ ቆም ብሎ አንድ ነገር መጠየቅ አለበት፤ ይህ የሕልም ቤት የማን ቤት ነው?

ቺኔቺታን መርቆ የከፈተው ቤኒቶ ሙሶሊኒ ነው። ቀኑ እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 28 ቀን 1937፣ በእኛ ሚያዝያ 20 ቀን 1929 ዓ.ም. ነበር። በአዲስ አበባ የየካቲት 12 ጭፍጨፋ ከተጀመረ ገና 68 ቀኑ። በሺህ የሚቆጠሩ የከተማችን ሰዎች በአካፋ፣ በጥይትና በእሳት ባለቁበት በዚያው ወቅት፣ በሮም ዳርቻ የሕልም ፋብሪካ ተመርቆ ይከፈት ነበር። ያ ፋብሪካ መጀመሪያ እንዲያልም የታሰበውም የታወቀ ነው። በዚያው ዓመት በካርሚኔ ጋሎኔ የተሠራው «ሺፒዮኔ ላፍሪካኖ» የጥንቷ ሮም አፍሪካ ውስጥ ካርታጎን ድል ስታደርግ በዝሆንና በሠራዊት ያሳያል፤ የፊልሙ ዓላማ በኢትዮጵያ ላይ የተፈጸመውን ወረራ የጥንት ክብር ትንሣኤ አስመስሎ ማቅረብ እንደነበር ዛሬ የሚከራከርበት የለም። የፋሽስቱ መንግሥት የዜና ፊልም ድርጅትም «ሉቼ» ይባል ነበር፤ ትርጉሙ ብርሃን ነው።

ያም ሕልም ነበር። እንዲያውም ከተማችን ላይ ስሙን ጽፎ የሄደ ሕልም ነው፤ ፒያሳ፣ መርካቶ እንላለን፤ ካዛንቺስ የሚለው ስም ለመንግሥት ሠራተኞች ቤት ይሠራ ከነበረው የጣልያኖች ተቋም ምኅጻረ ቃል የመጣ ነው። በሁለቱ ሕልሞች መካከል ያለው ልዩነት ግን ወሳኝ ይመስለኛል። የመንግሥቱ ሕልም «እኔ እውነት ነኝ» ይላል፤ የካርቶን ዐምዱን እብነ በረድ ነው ብሎ ይምላል። የፌሊኒ ሕልም ደግሞ «እኔ ላስቲክ ነኝ» ይላል። ሰው የሚገድለው የመጀመሪያው ዓይነት ሕልም ነው። በዚያው አዳራሽ፣ በዚያው መብራት፣ ከአንድ ትውልድ በኋላ አንድ ሰው ተነስቶ ሐሰትን ሐሰት መሆኑን እያሳየ መሥራቱን እንደ ቀላል ነገር አላየውም።

ይህን በደንብ የተረዳሁት በ1990 ዓ.ም. አካባቢ ከአባቴ ጋር «አማርኮርድ»ን ያየን ዕለት ነው። «አማርኮርድ» በሪሚኒ አካባቢ አነጋገር «ትዝ ይለኛል» ማለት ነው፤ ከላይ የጠቀስኩት በቺኔቺታ የተሠራው የሪሚኒ ፊልም ይኸው ነው፤ ኦስካርም ተሸልሟል። ካሴቱን ወዳጄ ከሮም አምጥቶልኝ ነበር። አባቴ ለማየት አልተጠራም፤ ቡናውን ይዞ መጣና ተቀመጠ። ፊልሙ ለአባት የማይታይ ትዕይንት ስላለበት ሪሞቱን በእጄ ጨብጬ፣ ልቤ እየመታ፣ እንግሊዝኛውን ጽሑፍ እየተረጎምኩለት አየን። አባቴ ጣልያን አዲስ አበባ ሲገባ የስምንት ዓመት ልጅ ነበር።

ጥቁር ሸሚዝ የለበሱት ሰዎች እየሮጡ ሲመጡ ቡናውን አስቀመጠ። በፊልሙ ውስጥ ማታ አንድ ሰው የቤተ ክርስቲያን ደወል ማማ ላይ ሸክላ ማጫወቻ ይሰቅልና የሠራተኞችን መዝሙር ያሰማል፤ ፋሽስቶቹ ማማውን በጥይት ይደበድቡታል። ከዚያ የልጁን የቲታን አባት፣ አንድ የግንባታ ሠራተኞች አለቃ፣ ይይዙና በግድ የጉሎ ዘይት ያጠጡታል። ሰውዬው ተዋርዶ፣ ልብሱ ተበላሽቶ ቤቱ ይገባል፤ ሚስቱ ታጥበዋለች።

አባቴ ለረጅም ጊዜ ዝም አለና «ለካ የገዛ ወገናቸውንም ነበር» አለ።

ከዚያ ቀደም ብሎ የአበባው ትዕይንት መጥቶ ነበር። ለበዓሉ ከአበባ የተሠራ የሙሶሊኒ ግዙፍ ፊት ቆሟል፤ አንዱ ወፍራም ልጅ በሐሳቡ ይህ ፊት አፉን ከፍቶ ከሚወዳት ልጅ ጋር ሲያጋባው ያያል። የአበባው ከንፈር ይንቀሳቀሳል። እኔ ሳቅሁ። አባቴ አልሳቀም።

«እኛ ይህን ፊት ያየነው ያለ አበባ ነው» አለ።

ፊልሙ ሲያልቅ፣ ካሴቱ ተመልሶ እየተጠቀለለ ሳለ፣ «አንተ፣ ሰውዬው ይህን የሠራው አፍሮ ነው ወይስ ናፍቆት?» ብሎ ጠየቀኝ።

«ሁለቱም ይመስለኛል፣ አባባ» አልኩት።

«ሁለቱም አንድ ላይ ይሆናል?»

«እርስዎ በሕልምዎ እንዲህ ያለ ነገር አጋጥሞዎት አያውቅም?»

አልመለሰልኝም፤ ስኒውን አንስቶ ወጣ። ነገር ግን ጥያቄው እስከ ዛሬ ከሰማኋቸው የፊልም ሒሶች ሁሉ ይበልጥብኛል። ሲኒማ በሕልም ቋንቋ የሚናገርበት ምክንያት ይኸው ነውና። የፍርድ ቤት መዝገብ ኀፍረትን ይጽፋል፤ የበዓል ንግግር ናፍቆትን ይናገራል። ሁለቱን በአንድ ፊት ላይ፣ በአንድ የአበባ ፊት ላይ፣ ማኖር የሚችለው ሕልም ብቻ ነው። ሰው ልጅነቱን ይወዳል፤ ልጅነቱ ደግሞ በፋሽስቶች ዘመን የተላለፈ ነበር፤ በረዶው፣ በበረዶው መካከል ጭራውን የዘረጋው ጣዎስ፣ በሌሊት በላስቲክ ባሕር ላይ እንደ ተራራ የሚያልፈው «ሬክስ» የተባለው መርከብ፣ ሁሉም የዚያው ዘመን ናቸው። ፈቺ ቢመጣ አንዱን መርጦ ሌላውን ይጥላል። ፌሊኒ አልመረጠም።

አለመምረጥ ግን ዋጋ አለው፤ ይህንንም ሳልናገር ባልፍ ለአባቴ ጥያቄ አልታመንም። «አማርኮርድ» ከሪሚኒና ከባሕሯ ርቆ አይሄድም። ያ የአበባ ፊት ባሕር ተሻግሮ ያደረገውን ለማየት ሌላ መጽሐፍ መግለጥ ያስፈልጋል፤ የሚያስደንቀውም መጽሐፉን የጻፈው ሰው ከፌሊኒ ጎን የተቀመጠ መሆኑ ነው።

ስሙ ኤንዮ ፍላያኖ ይባላል፤ እ.ኤ.አ. በ1910 በፔስካራ ተወለደ፣ በ1972 በሮም ሞተ። ከ1950 እስከ 1965 ባሉት ዓመታት ፌሊኒ ከሠራቸው ፊልሞች በአሥር ያህሉ ድርሰት ላይ ተሳትፏል፤ «ላ ስትራዳ»፣ «ላ ዶልቼ ቪታ»፣ «ስምንት ተኩል» ከእነዚህ ናቸው። ይህ ሰው እ.ኤ.አ. በ1935 የኢጣሊያ ጦር መኮንን ሆኖ አገራችንን ከወረሩት መካከል ነበር። ከጦርነቱ አሥራ አንድ ዓመት በኋላ፣ በ1947፣ «ቴምፖ ዲ ኡቺዴሬ» የሚል ልብ ወለድ አሳተመ፤ «የመግደል ጊዜ» ማለት ነው፤ ርእሱ የመጽሐፈ መክብብን ቃል ያስታውሳል። ዛሬ በኢጣሊያ ታላቅ የሆነውን የስትሬጋ ሽልማት ለመጀመሪያ ጊዜ ያገኘው ይህ መጽሐፍ ነው።

ታሪኩ እንዲህ ነው። ጥርሱን የታመመ አንድ ኢጣሊያዊ መቶ አለቃ አቋራጭ መንገድ ይይዝና ይጠፋል። በአንድ ኩሬ የምትታጠብ ኢትዮጵያዊት ያገኛል፤ በዚያው ያድራል። ሌሊት በጥላ ላይ የተኮሰው ጥይት ድንጋይ መትቶ ተመልሶ ሴትዮዋን ያቆስላታል። ወደ ሐኪም ከመውሰድ ይልቅ ገድሏት ይቀብራታል። ከዚያ በኋላ የመጽሐፉ ገጾች ሁሉ ቅዠት ናቸው፤ የሥጋ ደዌ እንደያዘው ያምናል፣ ይሸሻል፣ ይሰርቃል፣ ሌላም ሰው ሊገድል ይሞክራል፣ መንገዱ ሁሉ ወደዚያው ስፍራ ይመልሰዋል። በመጨረሻ ግን ቁስሉ ይድናል። የሚከሰው የለም፤ የሚፈልገውም የለም። ተፈርዶበት ቢሆን ሕልሙ በተፈታ ነበር፤ አልተፈረደበትም፤ ስለዚህ አልተፈታም።

ይህን መጽሐፍ ካነበብኩ ወዲህ «ላ ዶልቼ ቪታ» መልኩን ለወጠብኝ። በፊልሙ መጨረሻ ሌሊቱን በጭፈራ ያሳለፉ ሰዎች ጎሕ ሲቀድ ወደ ባሕር ይወርዳሉ፤ ዓሣ አጥማጆች አንድ አስፈሪ የባሕር አውሬ ጎትተው አውጥተዋል፤ ዓይኑ ፈጥጦ ያያቸዋል። ከውሃው ማዶ አንዲት ንጹሕ ልጅ ቆማ ማርቼሎን ትጠራዋለች። ነፋሱና ማዕበሉ ድምፅዋን ይውጡታል፤ እርሱም «አልሰማሁሽም» በሚል ምልክት ትከሻውን ነቅንቆ ወደ ጓደኞቹ ይመለሳል። ፊልሙ ስለ ሮም ነው፤ ስለ አፍሪካ ነው ብዬ ፈቺ ልሁን አልልም። ነገር ግን ከጻፉት ሰዎች አንዱ ከውሃ ዳር ያገኛትን ሴት ስለ ገደለና ስላልተጠየቀ መኮንን አስቀድሞ ጽፎ እንደነበር የሚያውቅ ኢትዮጵያዊ፣ ያንን የፈጠጠ ዓይን ዝም ብሎ አያልፈውም።

እንግዲህ የእነዚህ ፊልሞች መስሕብ ይህ ነው እላለሁ። ሕልሙ ሙሉ መስሎ አይቀርብም። ፍቺ ያለው ነገር በር ተዘግቶበት ይመጣል፤ ተመልካቹ መቀበል ወይም መመለስ ብቻ ነው ያለው። ያልተፈታ ሕልም ግን ባዶ ወንበር ይተዋል፤ በዚያ ወንበር ላይ አባቴ፣ አላሚው ፈጽሞ ያላሰበው ሰው፣ ቡናውን ይዞ መጥቶ መቀመጥ ቻለ። ሉቼ በቀረጻቸው የዜና ፊልሞች ውስጥ ለእርሱ የተሰጠው ቦታ በሰልፍ ዳር እጁን ማንሳት ነበር። በፌሊኒ ፊልም ፊት ግን ጠያቂ ሆነ።

ለሕልም የሚገባው መልስም ፍቺ ሳይሆን ሌላ ሕልም ይመስለኛል። ኃይሌ ገሪማ እ.ኤ.አ. በ2008 «ጤዛ» የተባለውን ፊልሙን ይዞ ወደ ቬኒስ ሄደ። ተምሮ ከጀርመን አገር ወደ ጣና ዳር መንደሩ የሚመለሰው አንበርብር አካሉም ትዝታውም ጎድሎ ነው የሚመጣው፤ ልጅነቱ፣ ስደቱና አብዮቱ በሌሊት እየተቆራረጡ፣ ወሰን ሳያበጁ ይመጡበታል። «ይህ ሕልም ነው፣ ይህ እውን ነው» የሚል ማስጠንቀቂያ በዚያም የለም። ፊልሙ በዚያ የልዩ ዳኞችንና የድርሰት ሽልማቶችን አገኘ። ኃይሌ የፌሊኒ ተማሪ ነው ማለት አይቻልም፤ የራሱ መንገድ፣ የራሱ ቁጣ ያለው ሰው ነው። ነገር ግን ሰባ ዓመት ገደማ ቀደም ብሎ፣ በ1937፣ ያው የቬኒስ በዓል «ሺፒዮኔ ላፍሪካኖ»ን በሙሶሊኒ ስም በተሰየመው ዋንጫ ሸልሞ ነበር። በዚያው ከተማ ኢትዮጵያዊው በራሱ ቋንቋ፣ የራሱን ያልተፈታ ሕልም አሳየ።

የፊልሙ ርእስም ጤዛ ነው። ጤዛን ማንም አይፈታውም፤ ፀሐይ ከመውጣቷ በፊት ተነስቶ የሄደ እግሩን ያርሰዋል፣ ያረፈደ ደግሞ ደረቅ ሣር ያገኛል።